ሦስተኛው ጠርሙስ

በዚያ ዓመት አባቴ በየወሩ አንድ ጠዋት አንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልቶ በአውቶቡስ ወደ ትልቁ ከተማ ይልክ ነበር። ለማን እንደሚልከው ጠይቄው አላውቅም። ምኑ ይጠየቃል? እናቴ ያለችው እዚያ ነበር።

የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ የከተማችን የውሃ ጉድጓድ ፓምፕ ኦፕሬተር ስለነበር የምንኖረው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከሞተር ቤቱ ጎን በተሠሩ ሁለት ክፍሎች ነው። ግቢው ከሰፈሩ ፈንጠር ያለ፣ በሽቦ የታጠረ ነበር። በሩ ላይ "ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ፊደል የለየሁት በዚያ ሰሌዳ ነው። አንድ ሁለቴ የክፍሌን ልጆች ለጨዋታ ይዤ ብመጣ ሰሌዳውን ሲያዩ ከደጅ ተመለሱብኝ። ከዚያ ወዲያ ማንንም አልጠራሁም። ከአጥሩ ውስጥ ሆኜ ጠጠር እየደረደርኩ ከራሴ ጋር እጫወታለሁ፤ ራሴን አሸንፋለሁ፤ ከራሴ እኮራረፋለሁ፤ ደግሞ እታረቃለሁ።

ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ሲንደቀደቅ ይውላል። እናቴ አልቻለችውም። "ከሞተር ጋር ዘግተህብኝ ቀረህ እኮ!" ትለው ነበር አባቴን። አንድ ቀን ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ፣ ግንባሬን ሁለት ጊዜ ስማኝ ሄደች።

"መቼ ነው የምትመጣው?" አልኩት አባቴን።

"ሥራ አግኝታ ነው። ሲመቻት ትመጣለች።"

አባቴ ውሸት አይሆንለትም። ያን ቀንም አልዋሸኝም። ያለኝ ሲመቻት ነው፤ ደብዳቤ አልፎ አልፎ ብትልክልንም ሳይመቻት ቀረ።

ወደ ጠርሙሱ ልመለስ። ክዳኑ ሰማያዊ፣ አፉ ሰፋ ያለ ነበር፤ ባዶውን በወረቀት ተጠቅልሎ ከትልቁ ከተማ ይመጣል። በዚያ ጠዋት አባቴ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ይታጠባል። የቧንቧውን አፍ በእሳት ለብለብ ያደርገዋል። ውሃውን ለጥቂት ጊዜ ያፈሰውና ከዚያ ጠርሙሱን ይሞላል፤ ሲሞላም ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ነው። ከጎኑ ቁጢጥ ብዬ አየዋለሁ። ሰው እንዲህ የሚጠነቀቀው ለሚወደው ሰው ብቻ ነው ብዬ አስብ ነበር።

ጠርሙሱ ላይ "ናሙና" የሚል ወረቀት ይለጥፍበታል።

"ናሙና ምንድን ነው አባዬ?"

"ከብዙው ተቀንሶ የሚላክ ጥቂት ነገር ነው።"

ይሄም ገባኝ። ከቤታችን ጥቂት ነገር እየተቀነሰ ይላክላታል ማለት ነው።

በረዶ ባለበት ሳጥን ውስጥ ከትተነው ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው እንወርዳለን። ሾፌሩ ወፍራም፣ ሁልጊዜ አንገቱ ላይ ፎጣ የማይለየው ሰው ነበር።

"ለሷው ነው?" ይላል ሳጥኑን እየተቀበለ።

"ለሷው። በእጇ ስጣት፤ ለሌላ ሰው እንዳትሰጥብኝ።"

"ምን ሰው አለ ብለህ ነው! ባለፈው እኮ እስክደርስ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ነበር።"

"እሷ ጠንቃቃ ናት" ይላል አባቴ። ፊቱ ፈካ ይላል።

እኔም ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሁሉ በር ላይ ቆማ አያታለሁ። ያን አረንጓዴ ቀሚሷን አድርጋ፣ እጇን ከፀሐይ ግንባሯ ላይ ጋርዳ።

ከእነዚህ ጠርሙሶች ሁለተኛው ከተላከ በኋላ ነርሷ ቤታችን መጣች። የጤና ጣቢያው ነርስ ናት፤ ስትከትብ የማታስለቅስ ብቸኛዋ ሰው። ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ነበር። እነሱ ደጃፉ ላይ ቆመው ያወራሉ።

"እሷ ምን አለች?" አለች ነርሷ።

"ጥሩ አይደለም አለች። የመጀመሪያውንም ሁለተኛውንም።"

"ሦስተኛውንም እንዲሁ ካለችስ?"

"ያኔማ ምን ምርጫ አለ? ይሄ ይዘጋል፤ እኛም እንለቃለን።"

"ልጅቷስ? እዚህ ነው የለመደችው።"

"ትለምዳለች። ምን ታደርግ።"

እርሳሴን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። እናቴ ውሃችንን አልወደደችውም! ሁለቴ ተልኮላት ሁለቴም ጥሩ አይደለም ብላለች። ሦስተኛውንም ካልወደደችው ቤታችን ይዘጋል፤ እኛ እንሄዳለን። አንድ ቀን የመጣች እንደሆነ ታዲያ ማን በር ይከፍትላታል? ሰሌዳውን አይታ ትመለሳለች።

ሦስተኛው ጠርሙስ በሚላክበት ጠዋት አባቴ ሞልቶ ጨረሰና በረዶውን ሊያመጣ ወጣ። ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቶሎ ብዬ ወንበር ላይ ወጣሁና የስኳሩን ቆርቆሮ አወረድኩ። ሦስት ማንኪያ ጨመርኩበት። አልሟሟ ሲለኝ በጣቴ አማሰልኩት፤ ጣቴንም ላስኩት። ጣፍጧል። ክዳኑን ባለኝ ጉልበት ሁሉ አጥብቄ ቦታዬ ተቀመጥኩ። ልቤ ከሞተሩ በላይ ይመታል። አባቴ ተመልሶ ጠርሙሱን በረዶው ውስጥ ሲያኖረው ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

አሁን አርባ ዓመት ሞልቶኛል፤ ነገሩን እንደ ትልቅ ሰው ልናገረው እችላለሁ። ከጉድጓዳችን ከፍ ብሎ አዲስ ገበያ ተሠርቶ ነበር። የገበያው መጸዳጃ ጉድጓድ በደንብ አልተገነባም፤ ፍሳሹ ወደ ከተማው መጠጥ ውሃ እየሰረገ ነበር። ይህን መጀመሪያ የጠረጠረው አባቴ ነው፤ ውሃው ሸተተኝ ብሎ። ጠርሙሶቹ የሚሄዱት ወደ ላቦራቶሪ ነው። "እሷ" የተባለችው እዚያ የምትመረምር ሴት ናት፤ አባቴ በዓይኑ እንኳ አይቷት አያውቅም። ነርሷ የከተማው ምክር ቤት አባል ነበረች። ምክር ቤቱ ደግሞ በዚያ ዓመት ካሉት ሁለት ሥራዎች አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ ወይ ለዋናው መንገድ መብራት፣ ወይ ከሩቅ ምንጭ አዲስ የውሃ መስመር። የሁለቱ ጠርሙሶች ውጤት አይበቃም፣ ሦስተኛው ይምጣና እንወስናለን ተብሎ ነበር።

ስብሰባው የሦስተኛው ጠርሙስ መልስ በመጣ ሳምንት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። እኔን የሚይዝ ሰው ስላልነበረ አባቴ ይዞኝ ሄደ። አዳራሹ ትልቅ ነው፤ ጣሪያው ላይ ማራገቢያ እየተንቋቋ ይዞራል። አባላቱ ፊት ለፊት አረንጓዴ ጨርቅ በለበሰ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ሕዝቡ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ከእኔ ጎን ጋሽ ደወል ተቀመጡ። ጋሽ ደወል የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ናቸው፤ ደወሉን የሚደውሉት እሳቸው ስለሆኑ ነው ስሙ የወጣላቸው። ጠዋት ጠዋት ማንም ሳይመጣ ስለምደርስ "ነይ የኔ ሠራተኛ" ብለው ገመዱን ያስይዙኝና አብረን እንደውላለን። በዚያ ዘመን በፍቅር የሚጠራኝ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

"አባትሽ ዛሬ ንግግር ሊያደርግ ነው አሉ" አሉኝ በሹክሹክታ። "ጎበዝ ነው። እኔ ሰው ፊት ስቆም ስሜ እንኳ ይጠፋኛል።"

ሰብሳቢው መነጽሩን አጥልቆ ወረቀት አነሳ። የአዲሱን ገበያ ሪባን የቆረጠው እሱ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለዚያ ገበያ ብሎ አምስት ዓመት የለፋ፣ ልጁን በእጁ እንዳሳደገ ሰው የገበያውን ስም በክፉ ሲያነሱበት የሚያመው ሰው ነበር። ይሄን አሁን ነው የማውቀው። ያኔ ያየሁት መነጽሩን ብቻ ነው።

"የሦስተኛው ናሙና መልስ መጥቷል" አለ። "እንዳለ አነበዋለሁ። 'በተላከልን ጠርሙስ ውስጥ ከፍተኛ መጠን ያለው ስኳር ስለተገኘና ናሙናው በሰው እጅ የተነካካ ስለሆነ ውጤት ለመስጠት አልቻልንም።'"

ከዚያ አንዱ ከኋላ፣ "ሻይ ቅጠሉን ረስቶት ነው!" ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉትም ሳቁ። ጸሐፊዋ እንኳ አፏን በመዝገቡ ከለለች።

እኔ ግን አልሳቅሁም። አንድ ነገር ድንገት ትዝ አለኝ። እናቴ ስኳር አትወድም። ሻይ የምትጠጣው ያለ ስኳር ነው። እንዴት ረሳሁት? አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ እንዴት ረሳሁት? ይኸው መልሳ ላከችው። የላከችውም ለአባቴ አይደለም፤ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እንዲነበብ ነው።

አባቴ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር። ቀስ ብሎ ዞረና በአግዳሚዎቹ መሃል ፈልጎ አገኘኝ። ምን ዓይነት ፊት እንደነበረኝ አላውቅም። ከጋሽ ደወል ኮት ኋላ ለመደበቅ ስሞክር ግን አይቶኛል።

"ኦፕሬተሩ ምን ይላሉ?" አለ ሰብሳቢው። "ጠርሙሱን የሞላው ሌላ ሰው ነው?"

አባቴ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ።

"እኔ ነኝ የሞላሁት። ከእጄ አልወጣም።"

"ታዲያ ስኳሩ ከየት መጣ?"

"ጥፋቱ የኔ ነው።"

"እንዴት? ይንገሩን እንጂ!"

"ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። ግን ውሃው ጥሩ አይደለም። ሌላ ጠርሙስ ዛሬ ነገ ሳንል እንላክ። ለአንድ ወር ብቻ ውሳኔው ይቆይ።"

ነርሷ ብድግ ብላ፣ "የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እኮ ስኳር አልነበረባቸውም! ቀልድ አይደለም ይሄ፣ የሰው ሕይወት ነው!" አለች። ሰብሳቢው ግን አሁን አባላቱን በእጁ አስገብቷል። አንዱን ናሙና የነካካ ሰው የቀሩትን አልነካካም ብሎ ማን ይመሰክራል? እጅ ይውጣ አለ። ለመብራቱ ዘጠኝ እጅ ወጣ። ተቃውሞ አራት፣ ድምፀ ተዓቅቦ ሁለት። ድምፀ ተዓቅቦ የሆነ ሰው ስም መስሎኝ ማንኛው ይሆን ብዬ በዓይኔ ፈለግኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ እጄን ይዞኛል። ቁጣውን ጠበቅኩ። ቢመታኝ ደስ ባለኝ ነበር።

"እርቦሻል?" አለኝ።

"አልራበኝም።"

በቃ። ስለዚያ ቀን ለአሥራ አንድ ዓመት የተነጋገርነው ይሄን ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ "ስኳሩ" ተባለ፤ እኔም "የስኳሩ ልጅ"። አባቴ ግን ቤት ለቤት እየዞረ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ ይል ነበር። እሺ ያሉት ጥቂት ናቸው። "ኧረ ቀምሰነዋል፣ አልጣፈጠም!" ብለው የሚመልሱት ይበዛሉ። አንዳንዴ አብሬው እሄዳለሁ። በሩ ሲዘጋበት ትንሽ ቆም ይልና ኮሌታውን አስተካክሎ ወደሚቀጥለው በር ያመራል። እኔ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብዬ፣ ሰው አብሬው እንደሆንኩ እንዳያውቅ መሬት መሬት እያየሁ እከተለዋለሁ። አፈርኩበት። ደብዳቤ እየጻፈ እንድትመለስ አይለምናት፣ አይቆጣኝ፣ ለፌዘኞቹ አፍ አይመልስ። ምን ዓይነት አባት ነው? እል ነበር።

አራተኛ ጠርሙስም ልኮ ነበር፤ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ። መልሱ እንደ መጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሆኖ መጣ። ደብዳቤውን ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት አስገባ። ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው በዓመት አራት ጊዜ ነው፤ ደብዳቤው የሚቀጥለውን ስብሰባ እየጠበቀ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ተደራርቦ ተቀመጠ።

ክረምቱ ገባ። በዋናው መንገድ ዳር የመብራት ምሰሶ መተከል እንደጀመረ ሰው መታመም ጀመረ። መጀመሪያ ከክፍላችን ሦስት ልጆች ቀሩ። በሳምንቱ ግማሹ ወንበር ባዶ ሆነ። ጤና ጣቢያው ሞልቶ ሰው በረንዳ ላይ ተኛ። እኛ አልታመምንም፤ ለምን እንዳልታመምን የሰፈሩ ሰው ያወቀው ያኔ ነው። የአባቴን ስም መልሰው ጠሩት። ከእንግዲህ ማንም ስኳሩ አላለውም፤ ማንም ደግሞ ይቅርታ አላለውም።

አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ ቀድሜ ትምህርት ቤት ደረስኩ። የደወሉ ገመድ ተንጠልጥሏል፤ ጋሽ ደወል የሉም። ቆሜ ጠበቅኳቸው። ልጆች መጡ፣ አስተማሪዎች መጡ፣ ሰዓቱ አለፈ፤ ደወል ሳይደወል ገባን። ከሰዓት በኋላ ነው መሞታቸውን የነገሩን። በዚያ ክረምት ከሞቱት ስድስት ሰዎች አንዱ ናቸው። በስኳሩና በእሳቸው መሃል ምንም አላያያዝኩም። ልጅ ነበርኩ፤ ለእኔ ስኳሩ የእናቴ ጉዳይ ነው። ማያያዙ የመጣው ቆይቶ ነው፤ ከመጣ በኋላ ደግሞ አልሄደም።

ምክር ቤቱ በአስቸኳይ ተሰብስቦ ጉድጓዱ እንዲዘጋ፣ አዲሱ መስመር እንዲዘረጋ ወሰነ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም አሉ። አባቴን የጠራውም የጠየቀውም አልነበረም። ወደ ቆጣሪ ንባብ አዛወሩት፤ ግቢውን ለቀን ከተማው መሃል አንድ ክፍል ቤት ተከራየን። ከመውጣታችን በፊት ከትምህርት ቤት ጠመኔ ሰርቄ፣ በሩ ላይ ካለው ሰሌዳ ሥር አዲሱ ቤታችን የት እንደሆነ ጻፍኩ። ለእናቴ ነው። በማግስቱ ዘነበ።

የእናቴ ደብዳቤም በዚያው ሰሞን መምጣቱን አቆመ። ይሄ ጥርጣሬዬን ሁሉ አጸናው። በዚህ ዓለም ላይ እናቱን በሦስት ማንኪያ ስኳር ያባረረ ልጅ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አመንኩ። ለማንም አልነገርኩም። ከአባቴ ጋር በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ አልጋና አልጋችን ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ እሱም ዝም ብሎ እኔም ዝም ብዬ አደግሁ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ኮሌጅ ገባሁና ትልቁ ከተማ ሄድኩ። ሁለት ወር ሙሉ ስፈራ ስቸር ቆይቼ እናቴን ፈልጌ አገኘኋት። ሌላ ባል አግብታ ሁለት ትንንሽ ወንዶች ልጆች ወልዳለች። አቅፋኝ አለቀሰች። ሻይ አቀረበች፤ የራሷን ያለ ስኳር። ያን ሳይ አላስቻለኝም።

"እማዬ፣ ያኔ ስኳር የጨመርኩት እንድትወጂው ብዬ ነው። አለመውደድሽን ረስቼው ነው።"

"የምን ስኳር?"

"ውሃው ላይ። አባዬ በየወሩ በሚልክልሽ ውሃ ላይ።"

ሲኒዋን አስቀመጠች። "ለኔ? አባትሽ ለኔ ውሃ ልኮልኝ አያውቅም፣ ልጄ። ደህና ነሽ?"

ትንሹ ልጇ ጭኗ ላይ ሊወጣ ይታገላል። አነሳችው፤ ዓይኗን ግን ከእኔ አልነቀለችም። አዳራሹ፣ ማራገቢያው፣ የሰብሳቢው ወረቀት፣ አባቴ ዞሮ ያየኝ፣ ሁሉም እዚያ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ ቦታ ቦታውን ያዘ። ከዚያም ጋሽ ደወል መጡ።

በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ አባቴ ሄድኩ። ቅዳሜ ነበር። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይጠርጋል፤ ቆጣሪ አንባቢ ጫማ ይጨርሳል።

"አባዬ፣ ስኳሩን የጨመርኩት እኔ ነኝ" አልኩት፤ ሰላም እንኳ ሳልለው።

ብሩሹን አላቆመም። "አውቃለሁ። ያን ቀን ፊትሽን ሳየው አውቄያለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም? ልጄ ናት ብትላቸው ያምኑህ ነበር። ሌላ ጠርሙስ ይላክ ይሉ ነበር። ጋሽ ደወል..."

"ያምኑኝ ነበር ወይስ ይባስ ይስቁ ነበር፣ አላውቅም። እሱን እስከ ዛሬ ሳስበው እኖራለሁ።" ጫማውን መሬት ላይ አኖረው። "የስምንት ዓመት ልጅ ያን ሁሉ ሰው ፊት ለማቆም አልደፈርኩም። ጋሼ ሲሞቱ ደግሞ ባነሳብሽ በራስሽ ላይ ትፈርጃለሽ ብዬ ፈራሁ። ዝም ካልኩ ትረሳዋለች አልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው ያልኩት ለይስሙላ አልነበረም። ጠርሙሱን ትቼ የወጣሁት እኔ ነኝ።"

"ለምን እንደጨመርኩትስ ታውቃለህ?"

"ልጅ አልነበርሽ? ጨዋታ ነዋ።"

"ለእማዬ የምትልከው መስሎኝ ነው። እንድትወደው ብዬ። ስትመልሰው ደግሞ እኔን የጠላችኝ መስሎኝ ነው።"

ቀና ብሎ አየኝ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ድምፅ አልነበረውም፤ የጫማ ቀለም በነካው እጁ ፊቱን ሲያብስ ጉንጩ ጠቆረ።

"ይሄን ሁሉ ዓመት?" አለኝ።

"ይሄን ሁሉ ዓመት።"

"አጠገቤ ተኝተሽ?"

ከጎኑ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ብዙ ሰው አለፈ፤ ሰላም ላሉት በጭንቅላቱ መለሰላቸው። መጨረሻ ላይ፣ እሷ ከሄደች ጀምሮ ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀኝ።

"ደህና ናት?"

"ደህና ናት። ሁለት ልጆች አሏት። ወንዶች ናቸው፤ ትልቁ ሰባት፣ ትንሹ አራት ዓመቱ።"

"ወንድሞችሽ ናቸው እንግዲህ።" ጫማዎቹን አንስቶ አጋጠማቸው። "እየሄድሽ ጠይቂያቸው። ብቻሽን ነው ያሳደግሁሽ፤ ይበቃል።"

እሑድ ከሰዓት ልመለስ ስል የሆነ ቦታ ሄዶ በፌስታል ኳስ ይዞ መጣ። ለልጆቹ ስጪልኝ አለኝ።

"ከማን ነው ቢሉኝ ምን ልበላቸው?"

አንገቱን አከከ። ከዚያ፣ "ከእኅታችሁ አባት ነው በያቸው" አለኝ።